ቆሽታችን ሲታመም የትኛው ምርመራ ምን ይነግረናል?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር)

  

ሰው በጣም ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ልጆቻችንንም «ቆሽቴን አታሳርሩት» ብለን እንቆጣለን። ስሙን ይህን ያህል የምንጠራው አካል የት እንደሚገኝና ምን እንደሚሠራ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ አካል ነው። በተለይም ቆሽት ለረዥም ጊዜ ሲታመም ሕመሙን ለማወቅ የሚደረጉትን ምርመራዎች በታማሚውና በቤተሰቡ ዓይን እናያቸዋለን። «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ሬዲዮኑን አትዝጉ። ርእሱን የመረጥነው በአንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰውን በዓይናችን ስላየን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የዋግ ኽምራ ደጋ ለሽምግልና ተጠራን። ባልየው በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ገበሬ ነው። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። ምክንያቱን ስንጠይቅ ወንድሞቿ፣ «ሸኽ፣ ይህ ሰው ተደብቆ የሚጠጣ ነው። የጤና ባለሙያ ራሱ ‹ይህ የጠጪ ሰው በሽታ ነው› ብሎታል» አሉን። ባልየው ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል። ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። «ሸኽ፣ እኔ እንኳን ልጠጣ፣ ጠላ ከሚሸጥበት ደጅ ቆሜ አላውቅም። አላህ ያውቃል» አለን።

እኛስ ምን አደረግን? አላህ ይቅር ይበለንና፣ በልባችን «ነገር ቢኖር ነው እንጂ ሐኪም ዝም ብሎ አይናገርም» አልን። በአፋችን ግን «ሶብር አድርጉ» ብለን ተመለስን። ያ ዝምታችን ለዚያች ሴት ፍርድ መስሎ እንደታያት በኋላ ነው ያወቅነው። ይህን የምንነግራችሁ ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ሌላው እንዳይደግመው ነው።

በማግሥቱ ሰውየው አንድ ፌስታል ሙሉ የምርመራ ወረቀት ይዞ መጣ። የዐሥር ዓመት ወረቀት ነው። ሦስት ጊዜ ለጨጓራ ባክቴሪያ ታክሟል። የሰገራ ምርመራ አምስት ጊዜ አድርጎ አንድ ጊዜ አሜባ፣ አንድ ጊዜ ጃርዲያ ተብሏል። የአልትራሳውንድ ወረቀትም አለ። ከሁሉም በላይ ግን ውድ የሆነው አንድ የኤምአርአይ ወረቀት ነበር። አንድ ዘመድ «ኤምአርአይ ካልተነሣህ በሽታህ አይታወቅም» ስላለው በሬውን ሸጦ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ፣ ከሰቆጣ 720 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ገብቶ የተነሣው ነው። ውጤቱ «ጤናማ» ይላል። ቤተሰቡም «ትልቁ መሣሪያ ያላገኘው በሽታ የለበትም፤ መጠጡን ይተው» ብሎ ደመደመ።

ፌስታሉን ይዘን፣ ሪፈራል አጽፈን፣ አብረነው ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያም እንዲህ አለን፦ «ሸኽ፣ ይህ ኤምአርአይ የወገብ አጥንት ነው። ሕመሙ ወደ ጀርባው ስለሚሄድ ወገቡን አንሥተውታል። ቆሽቱን ግን ማንም አላየውም።» የአልትራሳውንዱን ወረቀት ደግሞ አሳየን። «ጋዝ ስለበዛ ቆሽት አልታየም» ይላል። ቤተሰቡ ይህንን «ምንም አልተገኘም» ብሎ ነበር ያነበበው።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ንግግራችን ቁም ነገር ይኸው ነው። እያንዳንዱ ምርመራ የሚመልሰው የተጠየቀውን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያልተጠየቀውን አይመልስም። «አልታየም» ማለትም «የለም» ማለት አይደለም። ዋጋው ውድ የሆነ ምርመራ ሁሉ ለእኛ ጥያቄ የተሻለ ነው ማለት አይደለም።

እስኪ አካሉን እንወቀው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪያችን ፊት ለፊት ተጋድሞ የሚገኝ፣ ስንዝር የማይሞላ አካል ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የበላነውን ቅባት፣ ሥጋና ስታርች የሚፈጭ ፈሳሽ አመንጭቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። ሁለተኛ፣ ኢንሱሊን ወደ ደም እየለቀቀ ስኳራችንን ይቆጣጠራል። ቆሽት በተደጋጋሚ ወይም ለረዥም ጊዜ ሲቆጣ ሥጋው ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳ ይለወጣል፤ በቱቦው ውስጥም ጠጠር ሊሠራ ይችላል። ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ምልክቱ ከእንብርት በላይ የሚጀምር፣ ብዙ ጊዜ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ ከምግብ በኋላ የሚብስ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ ቀለል የሚል ሕመም ነው። እየቆየ ሲሄድ ክብደት ይቀንሳል፤ ሰገራ ቅባት የበዛበት፣ የሚሸትና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ይሆናል፤ የስኳር በሽታም ይከተላል። ሕመሙ የሚጀምርበት ቦታ ከጨጓራ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ዓመታትን በጨጓራ መድኃኒት ያሳልፋል።

አሁን ወደ ምርመራዎቹ እንሂድ።

የመጀመሪያው ምርመራ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው፤ እርሱም ንግግር ነው። ሐኪም መቼ እንደጀመረ፣ ከምን በኋላ እንደሚብስ፣ ምን ያህል እንደከሳን፣ ሰገራችን ምን እንደሚመስል ይጠይቃል። መጠጥና ሲጋራም ይጠይቃል። «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እንዴት ይህን ትጠይቀኛለህ?» ብለን አንቆጣ። ጥያቄው ለሁሉም የሚቀርብ የሥራው ግዴታ ነው። መልሱም እውነት መሆን አለበት። ቀድሞ ጠጥቶ የተወ ሰው ይንገረው፤ ሐኪም ምስጢር ጠባቂ ነው። ሲጋራ የሚያጨስም አይደብቅ፤ ሲጋራ ብቻውን ለዚህ በሽታ መንስኤ ከሚሆኑት አንዱ ነውና። እኛ የቤተሰብ አባላትም ታማሚው ከሐኪሙ ጋር ብቻውን የሚነጋገርበት ጊዜ እንስጠው። አማርኛ የማይቀናቸው የኽምጣና ተናጋሪ እናቶችና አባቶች ደግሞ ሲመረመሩ ቋንቋቸውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው አብሯቸው ይግባ። «ይወጋል» እና «ያቃጥላል» በትርጉም ቢቀያየሩ ምርመራውም መንገዱን ይስታል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናጥራ። መጠጥ ለዚህ በሽታ ከዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ብቸኛው አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ በደም ውስጥ የቅባት ወይም የካልሲየም ከልክ በላይ መብዛት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ማጥቃት፣ የቆሽት ቱቦ መዘጋት ያመጡታል። መንስኤው ሳይታወቅ የሚቀርበትም ታማሚ አለ። በሞቃታማና ደሀ አገሮች ደግሞ መጠጥ ቀምሰው በማያውቁ ወጣቶች ላይ የሚታይ፣ ትልልቅ ጠጠርና የስኳር በሽታ የሚያስከትል ዓይነት በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል። በልጅነት የሚደርስ የምግብ እጥረት ድርሻ እንዳለው ሲጠና ቆይቷል፤ ብቻውን ያመጣዋል ተብሎ ግን አልተረጋገጠም።

ይህ ለዋግ ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሰቆጣና አካባቢዋ ምን እንደደረሰባቸው ያላለፈበት ቤት የለም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህች ከተማ የተሰየመውም ያለ ምክንያት አይደለም። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ቀጫጭን የስኳር ታማሚዎች ዘንድ በሽታው ከድህነትና ከምግብ እጥረት ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ይህ የስኳር ዓይነት ከቆሽት ጠጠር በሽታ የተለየ ነው። ሁለቱም ግን ቀጭን፣ ደሀና ስኳር ያለበትን ገበሬ ሲያዩ በጥንቃቄ መመርመር እንጂ መጠርጠር እንደማይገባ ያስተምሩናል።

ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው። አሚሌዝና ሊፔዝ የሚባሉ የቆሽት ንጥረ ነገሮች ይለካሉ። የሚመልሱት ጥያቄ «ቆሽት አሁን በድንገት ተቆጥቷል ወይ?» የሚለውን ነው። በድንገተኛ ቁጣ ጊዜ ከጤናማው ከፍተኛ ልክ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይወጣሉ። ሥር በሰደደው በሽታ ግን ቆሽቱ ጠባሳ ስለሆነ የሚለቀው ነገር የለውምና ልኬቱ ጤናማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሊፔዝ ጤናማ ነው» የሚል ወረቀት ሥር የሰደደውን በሽታ አያስቀርም። ለታማሚው ጥቅሙ አንድ የክንድ መርፌ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚሁ ጋር የስኳር ልኬት ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም፤ ርካሽ ነው፣ በብዙ ጤና ጣቢያም ይገኛል፣ ውጤቱም ሕክምናን ወዲያው ይለውጣል።

ሦስተኛው የሰገራ ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በየጤና ተቋሙ የምናደርገው የተለመደው የሰገራ ምርመራ ትላትልና ጥገኛ ተሕዋስያን የሚፈልግ ነው። «ሰገራ ተመርምሬያለሁ» ማለት «ቅባቱ ታይቷል» ማለት አይደለም። ቅባትን የሚለካው ምርመራ በቀን 100 ግራም ቅባት እየበሉ የሦስት ቀን ሰገራ በሙሉ መሰብሰብን ይጠይቃል፤ በቀን ከ7 ግራም በላይ ቅባት ከወጣ ምግቡ አልተፈጨም ማለት ነው። ለታማሚው እጅግ አስቸጋሪ፣ ለቤተሰብም የሚያሳፍር ነው። ከዚህ የሚቀለው ኢላስቴዝ የሚባለው ነው። አንድ ትንሽ ናሙና ይበቃዋል፤ የኢንዛይም መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መድኃኒቱን ማቋረጥ አያስፈልገውም። በአንድ ግራም ሰገራ ከ200 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ያጠራጥራል፤ ከ100 በታች ከሆነ ይበልጥ ያስረዳል። ተቅማጥ ላይ ሆኖ የተሰጠ ውሃማ ናሙና ግን በሐሰት ዝቅ ያለ ውጤት ይሰጣልና ተቅማጡ እስኪቆም ይጠበቅ። እነዚህ ምርመራዎች የሚመልሱት «ቆሽት ሥራውን እየሠራ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ቆሽት ከአቅሙ ከዘጠኝ አሥረኛ የማያንሰውን ካላጣ ደግሞ ቅባት በሰገራ በግልጽ አይወጣም። ስለዚህ የበሽታውን መጀመሪያ ለመያዝ አይበቁም።

አራተኛው ተራ የሆድ ራጅ ነው። የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ጠጠር። በቆሽት ቦታ ላይ ነጫጭ ጠጠር ከታየ በሽታው ሥር የሰደደ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ካልታየ ግን ጠጠር ያልሠራ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ነጻ አያወጣም። ወጪው ትንሽ፣ ጊዜውም ደቂቃ ነው። ወንድማችንን ለዐሥር ዓመት ያንከራተተው ጥያቄ የተመለሰው በዚህ ነው። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያሳየን በሆዱ መሀል የተበተነ ማሽላ የሚመስል ነገር አየን። የዚያኑ ዕለት ስኳሩ ተለክቶ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ።

አምስተኛው አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል፤ የሐሞት ጠጠርን ለማየትም ጥሩ ነው። ድክመቱ ግን ጋዝ ፊት ለፊቱ ከቆመ ቆሽትን ማየት አለመቻሉና በሚያነሣው ባለሙያ ችሎታ ላይ መመሥረቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ መቅረብ ይጠየቃል። ውጤቱን ስትቀበሉ «ቆሽቱ ታይቷል ወይስ አልታየም?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህች አንዲት ጥያቄ የዐሥር ዓመት መንከራተት ሊቀር ይችላል።

ስድስተኛው ሲቲ ስካን ነው። በሽታው ሲጠረጠር ከምስል ምርመራዎች በቅድሚያ ከሚመከሩት አንዱ እርሱ ነው። ትንንሽ ጠጠር፣ የቆሽት መኮማተር፣ የቱቦ መስፋት፣ የፈሳሽ መጠራቀም ያሳያል፤ ካንሰርንም ለመለየት ይረዳል። በሽታው ገና ሲጀምር ግን ሊያልፈው ይችላል። ለታማሚው ያለው ክብደት ሦስት ነው። አንደኛ ዋጋውና መንገዱ፤ ከዋግ ተነሥቶ ወደ ትልቅ ከተማ መሄድን ሊጠይቅ ይችላልና። ሁለተኛ ጨረሩ፤ አንድ የሆድ ሲቲ የጥቂት ዓመታት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ስለሚሰጥ ያለ ምክንያት አይደጋገምም። ሦስተኛ በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ መድኃኒት፤ ኩላሊት የደከመበት ሰው አስቀድሞ ክሪያቲኒን ይለካ። ቀድሞ ለእንዲህ ዓይነት መድኃኒት አለርጂ ያሳየና ነፍሰ ጡር የሆነች ሳይጠየቁም ይናገሩ።

ሰባተኛው ኤምአርአይ፣ በተለይም የቆሽትና የሐሞት ቱቦን የሚያነሣው ኤምአርሲፒ ነው። ጨረር የለውም፤ የቱቦውን መጥበብና መስፋት አሳምሮ ያሳያል። ትንንሽ ጠጠርን በማየት ግን ሲቲ ይበልጠዋል። ታማሚው በጠባብ ዋሻ ውስጥ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይንቀሳቀስ መተኛትና ከፍተኛ ድምፅ መታገሥ አለበት። በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለ ሰው መናገር ግዴታው ነው። በአካባቢያችን በጦርነት ጊዜ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ገብቶበት ሳይወጣለት የሚኖር ወንድም ብዙ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የመሣሪያው መግነጢስ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ማዘዣው ላይም የሚነሣው «ሆድ» ነው ወይስ «ወገብ» የሚለውን አስነብቡ። የወንድማችን በሬ የጠፋው በዚህች አንዲት ቃል ነው።

ስምንተኛ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ጫፍ ላይ አልትራሳውንድ ተገጥሞለት ቆሽትን ከጨጓራ ግድግዳ በኩል በቅርብ የሚያይ ምርመራ አለ። ሌሎቹ ያላዩትን ገና የጀመረ በሽታ ሊያይ ይችላል። ሆኖም ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ የሚያከናውነው ባለሙያ ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም ጤነኛውን ሰው «ታመሃል» ሊያሰኝ ይችላል። ይህ ከተለመደው የጨጓራ ኢንዶስኮፒ የተለየ ነው። ተራው ኢንዶስኮፒ የጨጓራን ውስጥ እንጂ ቆሽትን አያይም። ኢአርሲፒ የሚባለው፣ ቱቦው ውስጥ ማቅለሚያ የሚረጨው ምርመራ ደግሞ ድሮ የማስረጃዎች ሁሉ መለኪያ ነበር። ዛሬ በሽታን ለማወቅ ብቻ ተብሎ አይደረግም፤ ከመቶ ሰው ከ3 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ራሱ ድንገተኛ የቆሽት ቁጣ ሊያስነሣ ስለሚችል ጠጠር ለማውጣትና የጠበበ ቱቦ ለመክፈት ብቻ ይጠቀሙበታል።

ታዲያ ቤተሰብ ከየት ይጀምር? ከቀላሉና ከቅርቡ ይጀምር። ንግግር፣ የስኳር ልኬት፣ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድና ራጅ አስቀድመው ይታዩ፤ የቀረውን ሐኪሙ ሲያዝ ሲቲ ወይም ኤምአርሲፒ ይከተላል። ከብት ከመሸጣችን በፊትም ሐኪሙን ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ «ይህ ምርመራ የትኛውን ጥያቄ ይመልስልናል? ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ወይም እንዲያ ቢሆን ሕክምናው ይለወጣል ወይ? ይህ ባይገኝ በቅርብ የሚገኝ ሌላ ምርመራ አለ ወይ?» ውጤቱ ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ በሬው ቤቱ ቢቆይ ይሻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆናችሁም የሪፈራል መንገዱን ጠብቁ፤ ከሰንሰለቱ ውጭ የሄደ ሰው ወጪው በሙሉ ላይሸፈንለት ይችላል። ወረቀቶቻችሁን በቀን ቅደም ተከተል አስራችሁ ያዙ፤ ፊልሙንም አትጣሉ።

ነገር ግን ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትውከት አልቆም ካለ፣ ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ከመጣ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ራሱን መሳት ከጀመረ ቅደም ተከተል ሳይጠበቅ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ነገር እንጨምር። በሽታው ከታወቀ በኋላ ከምግብ ጋር የሚወሰድ የኢንዛይም መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ይህ መድኃኒት በአብዛኛው ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ ነው። ይህን ሰምቶ ለሐኪሙም ለዓሊሙም ሳይነግር መድኃኒቱን የሚጥል ሰው አለ። እንዲህ አይሁን። ሌላ አማራጭ በማይገኝበትና ታማኝ ሐኪም አስፈላጊነቱን በሚያረጋግጥበት ጊዜ ብዙ ዑለማዎች በደሩራ፣ ማለትም በአስገዳጅ ሁኔታ መርሕ ይፈቅዱታል። ሐኪሙን አማራጭ ጠይቁ፤ ከዚያም የምታምኗቸውን ዓሊም አማክሩ። ሁለተኛው ጾም ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ የቆሽት ታማሚ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሸሪዓችን ለታማሚ ያደረገውን ማቅለል መቀበልም ዒባዳ ነው።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። የዚያን ዕለት ሐኪሙን፣ «ታዲያ ይህን ጠጠር መጠጥ ነው ያመጣው?» ብለን ጠየቅነው። ሐኪሙ ራጁን አስቀመጠና፣ «ሸኽ፣ ራጁ ጠጠሩን ያሳየናል። ሰውየው ምን እንደጠጣ ግን አያሳይም። እርሱን የምንሰማው ከራሱ አፍ ነው፤ እርሱም አልጠጣሁም ብሏል» አለን። እኛ በመስጂድ ያለ ማስረጃ መጠርጠር ወንጀል መሆኑን ስንት ጊዜ አስተምረናል! በዚያች ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ወደ ራሳችን ተመለሰ።

ስንመለስ ሚስቱንና ወንድሞቿን ሰብስበን ሐኪሙ ያለውን ነገርናቸው። «አስቀድመን እኛም ጠርጥረነው ነበር፤ አፉ በለን» ብለን በፊታቸው ይቅርታ ጠየቅነው። ሚስቱ ብዙ አልተናገረችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን አብራው ሄደች፤ ኢንሱሊን አወጋግም የተማረችው እርሷ ናት። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም፤ ጠባሳ የሆነ ቆሽት ወደ ነበረበት አይመለስምና። ክብደቱ ግን ጨምሯል፤ ማረሻውንም በተዋሰው በሬ ጀምሯል፤ አልሐምዱሊላህ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለበሽታ መድኃኒት መፈለግ ሰበብ ማድረስ ነው፤ ሰበብ አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መስጠት ደግሞ ተወኩል ነው። የምርመራን ወረቀት በሚናገረው ልክ እንስማው፤ ያልተናገረውን አንጨምርበት። በታማሚ ወንድማችንም ላይ ወረቀቱ ያላለውን አንፍረድበት። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሚያስታምሙት ሶብሩን ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።